ጠዋት ጠዋት የምትወጣ ብረት

ጋሼ ተክለብርሃንን መጥላት የጀመርኩት በዘጠኝ ዓመቴ ነው። ጥላቻ ላይ ደግሞ ሰነፍ አልነበርኩም። በሒሳብ ከክፍሉ ጭራ ብሆንም፣ ሰው በመጥላት የሚስተካከለኝ ልጅ ቀበና ውስጥ አልነበረም። ሲያልፍ ፊቴን አዞራለሁ። "እንዴት አደርሽ ርሆቦት?" ሲለኝ መሬት መሬቱን አያለሁ። የረገጠውን ላለመርገጥ ግቢውን በሙሉ ዞሬ ነበር ሽንት ቤት የምሄደው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከእናቴ ፊት ላይ እያነበብኩ ነው የተማርኩት።

የምንኖረው አንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ከቀበና ወንዝ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ሌላ መውጫ የሌላት ቀጭን መንገድ አለች፤ ግቢያችን መጨረሻዋ ላይ ነው። በግራ እኛ፣ በቀኝ እነ ሒሩት፣ መሐል አንድ ቧንቧ። ሒሩት የጋሼ ተክለብርሃን ልጅ ናት። ወላጆቻችን ከመጣላታቸው በፊት አንድ ማስቲካ ለሁለት የምናኝክ ጓደኛሞች ነበርን።

አባቴ ኤጀታ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ከኋላዋ የምትጎተተውን ባለሁለት ጎማ ተሳቢ በይዶ የሠራለት ጋሼ ተክለብርሃን ነው። የምንበላው በዚያች ተሳቢ ነበር። አባቴ ከእንጦጦ የባሕር ዛፍ አጣና ያወርድባታል፣ የሰው ቤት ዕቃ ያመላልስባታል፣ እሁድ እሁድ ደግሞ የቤተ ክርስቲያናችንን ወንበርና ድንኳን ይጭንባታል። መዘምራኑ ወንበሮቹ ላይ ተደራርበው እየዘመሩ ሲሄዱ እኔ ጋቢና ውስጥ ከአባቴ አጠገብ እንደ ንግሥት እቀመጥ ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ተሳቢዋ ትታከማለች። ጋሼ ተክለብርሃን በክሪክ ያነሳታል፣ ጎማዋን ይፈታል፣ ከዚያ የፍሬኑን ታምቡር አውጥቶ በብርጭቆ ወረቀት ይፈትገዋል። የተቃጠለ አቧራና የግሪስ ሽታ ግቢውን ይሞላዋል። እኔና ሒሩት ቡሎኖቹን በወተት ጣሳ እንይዝለታለን፤ አንዲት ከጠፋች ሁለታችንንም በጆሯችን ይጎትተናል። አባቴ ግን ለዚህ ትዕግሥት የለውም።

"ይበቃል ተክሌ፣ ግጠመው።"

"ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ኤጀታ።"

የተጣሉትም በዚያው ቅዳሜ ሥራ ላይ ነው። ጋሼ ተክለብርሃን የፍሬኑን ሸራ አውጥቶ አባቴ አፍንጫ ሥር ያዘው። "ይሄን ታየዋለህ? አልቋል። ብረት ከብረት ነው የሚፋጨው። በዚህ ነው ልጆች ጭነህ ቁልቁለት የምትወርደው?"

"በሚመጣው ወር እቀይረዋለሁ።"

"ባለፈው ወርም እንዲሁ ነው ያልከኝ።"

"አንተ ብየዳህን በይድ። ነጂው እኔ ነኝ!"

በማግስቱ እሁድ፣ ማስታወቂያ ተነብቦ ሲያበቃ ጋሼ ተክለብርሃን እጁን አወጣና መድረክ ላይ ወጥቶ ቆመ። "ወንድም ኤጀታ የሚነዳው ተሳቢ ፍሬኑ አልቋል። ልጆቻችሁን አትጫኑበት" አለ። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል አልጨመረም። ጉባኤው በሙሉ ወደ እኛ ዞረ። አባቴ የመዝሙር መጽሐፉን ሲጨብጠው ሽፋኑ ተቀደደ። ከዚያን ቀን በኋላ ቤተ ክርስቲያኗ ሌላ መኪና ፈለገች። አባቴ በሳምንቱ ሸራውን ሌላ ጋራዥ ወስዶ አስቀየረው፤ አቅሙ ኖሮት ሳይሆን በእልህ። ሽማግሌዎች ሊያስታርቁ ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከበር መለሳቸው።

ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ሰውየው እውነቱን ነው የተናገረው። ግን ያኔ ቤታችን ውስጥ እውነት የሚባል ነገር ማን ጠይቆ? እናቴ ታደለች ከሾላ ገበያ አዲስ መጥረቢያ ተሸክማ መጣች፤ እስከዚያ ድረስ እንጨት የምንፈልጠው በነሱ መጥረቢያ ነበር። "ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል" አለችና መጥረቢያውን በነሱ በር ትይዩ አቆመችው። "ይሄ ሰውዬ እንጀራችንን ካልዘጋ አይተኛም። ቆይ፣ ገና አባታችሁን አንድ ነገር ያደርገዋል።" ይህን የምትለው ለራሷ ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል ያዝኩት። አንድ ነገር የሚያደርገው መቼ ነው ብዬ መጠበቅ ጀመርኩ።

አባቴ አመሻሽ ላይ ሲገባ መንገዷ መዞሪያ ስለሌላት መኪናውን ከነተሳቢዋ በኋላ ማርሽ ነው የሚያስገባት። መንገዷ አፍ ላይ ሲደርስ ይቆምና ይወርዳል። ተሳቢዋ ከመኪናዋ የምትያያዝበት አንገት ላይ አንዲት ቀዳዳ አለች። ከዚያው በሰንሰለት የተንጠለጠለች፣ ጣት የምታህል፣ ጫፏ ላይ ቀለበት ያላት ብረት አለች። ያችን ብረት ቀዳዳው ውስጥ ይከታትና ተመልሶ ይነዳል። እናቴ በር ላይ ቆማ "ና፣ ና፣ ና፣ በቃ!" ትለዋለች። ተሳቢዋ ከመኪናዋ ጋር እንደተያያዘች ታድራለች። እኔ ይህን በየቀኑ እያየሁ አንድ ነገር ደመደምኩ፤ ተሳቢዋን ከመኪናዋ ጋር አስሮ የሚይዛት ያቺ ብረት ናት። ብትወጣ ተሳቢዋ ትበጠሳለች።

አንድ ጠዋት ውኃ ልቀዳ ስወጣ ጋሼ ተክለብርሃን ተሳቢዋ አንገት ላይ አጎንብሶ አየሁት። ብርዱ የሚቆነጥጥ የኅዳር ብርድ ነበር። ወደ እኛ በር ገልመጥ አለ። ከዚያ ብረቷን ሳብ አድርጎ አወጣትና ሰንሰለቷ ላይ እንደተንጠለጠለች ተዋት። እጁን በሱሪው ጠርጎ በጓሮ በር ወጣ። እኔ ከውኃው በርሜል ጀርባ እንደቆምኩ ጆጉን ለመጣል ትንሽ ቀረኝ። አባቴ የሚያስገባትን ጠላታችን ያወጣታል! እናቴ ያለችው ደረሰ!

በማግስቱም አየሁት። በሦስተኛው ቀን አላስቻለኝም፤ አባቴ ቁርስ ላይ እንዳለ ነገርኩት።

"አባዬ፣ ጋሼ ተክለብርሃን ጠዋት ጠዋት ተሳቢያችንን ይነካል።"

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ወደ እኔ አላየም። ወደ እናቴም አላየም።

"ምን አገባሽ? አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ።"

"ግን እኮ ብረቷን..."

"ዝም በይ አልኩሽ!"

አባቴ እንዲያ ጮኾብኝ አያውቅም። እኔም ወዲያው ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አባቴ ፈርቶታል። ሰውየው ሊገድለው እንደሆነ ያውቃል፣ ግን አይችለውም። ስለዚህ የሚያድነው ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ አባቴ የዚያን ዕለት እንዳልፈራ አውቃለሁ። አፍሮ ነው። ያንን ኀፍረቱን በሁለት ቃል አውጥቶ ቢነግረኝ ኖሮ ይህን ታሪክ የምጽፍበት ምክንያት አይኖረኝም ነበር።

ሐሙስ ቀን ነው። ከሁሉም ቀድሜ ተነሳሁና ከበርሜሉ ጀርባ ተደበቅኩ። ከነሒሩት ቤት ሳል ይሰማል፤ ሒሩት ታማ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሁለት ቀኗ ነው። እሰይ ብዬ ነበር፤ እንዲያ ነበርኩ። ጋሼ ተክለብርሃን ወጣ። ጎንበስ አለ፣ ብረቷን አወጣት፣ ሰንሰለቷ ላይ አንጠለጠላት፣ እጁን በሱሪው ጠረገና እየተቻኮለ ሄደ።

ኮቴው እስኪጠፋ ጠበቅኩ። ከዚያ ሮጥኩ። ብረቷ እንደ በረዶ ቀዝቅዛለች። ቀዳዳው ውስጥ ከተትኳትና በሁለት እጄ እስከ ጥግ ገፋኋት። መዳፌ ዝገት ዝገት ሸተተ፤ ቀኑን ሙሉ ክፍል ውስጥ እየደጋገምኩ አሸተትኩት። አባቴ ሲወጣ ወደ ተሳቢዋ አንገት ዞር ብሎ እንኳ አላየም። ሞተሩን አሞቀ፣ እናቴን በእጁ ተሰናበታት፣ ሄደ። በሕይወቴ እንደዚያን ዕለት ኮርቼ አላውቅም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃችን በሰው ተሞልቷል። አባቴ ወደ እንጦጦ የወጣው ባዶውን ነበርና ምንም አልታወቀውም። አጣና ጭኖ ሲወርድ ግን፣ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለው ጠመዝማዛ ላይ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ብትይዝም ተሳቢዋ አልያዘችም። መኪናዋን ከኋላ ገፋቻት። መኪናዋ ተጣጥፋ የመንገዱን ዳር ግንብ መታች፤ ተሳቢዋ አንገቷ ተሰብሮ ገደል ገባች። አጣናው የጋቢናውን ጀርባ ሰብሮ ገብቶ የአባቴን ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች አደቀቀው። እናቴ መሬት ላይ እየተንከባለለች "የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል!" ትላለች። ስትጮኽ ዓይኗ የነሒሩትን በር ነው የሚያየው።

እኔ ደግሞ ጥግ ይዤ መዳፌን አያለሁ። በደንብ አልገፋኋትም ነበር ማለት ነው። ትንሽ ጠንከር አድርጌ ብገፋት ኖሮ አትወጣም ነበር። ይህን ማንም እንዳያውቅብኝ መዳፌን ቀሚሴ ውስጥ ደበቅኩ። ስንት ዓመት በዚህ ጸጸት እንደኖርኩ! ስንት ጸሎት አባከንኩበት!

ፖሊስ መጥቶ "ተሳቢውን የነካ ሰው አለ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ከእናቴ ቀሚስ ጀርባ ወጣሁ።

"እኔ አይቼዋለሁ። ጋሼ ተክለብርሃን ጠዋት ጠዋት ብረት ያወጣል። ዛሬም አውጥቷል።"

መልሼ ማስገባቴን አልተናገርኩም። ጋሼ ተክለብርሃን በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "አዎ አወጣለሁ፤ ፍሬኑ እንዲሠራ እኮ ነው!" አለ። ማን ይስማው? እናቴ አዲሱን መጥረቢያ ይዛ ስትሮጥ ጎረቤቶች በስንት መከራ ያዟት። ፖሊሶቹ ሆስፒታል ሄደው የአባቴን ቃል ተቀበሉ። "ተሳቢዬን ንካልኝ ያልኩት ሰው የለም" አለ። ይህም ቃል በቃል እውነት ነበር። አንገቷ ተሰብሮ ገደል የገባችውን ተሳቢ ወርዶ የመረመረ አልነበረም። ጋሼ ተክለብርሃንን ከመሐላችን ይዘውት ሄዱ።

ሁለት ወር ታስሮ ማስረጃ ጠፍቶ ተፈታ። ከሰው አፍ ግን አልተፈታም። በቤተ ክርስቲያን አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። ቤቱን በድንጋይ መቱት፤ አንዱን ድንጋይ እኔ ነኝ የወረወርኩት። በጥር አጋማሽ ዕቃቸውን አይሱዙ ላይ ጫኑ። ሒሩት ፍራሹ ላይ ተቀምጣ አየችኝ። እጄን ላነሳ ስል ወደ ሌላ ዞረች። እኔም እሰይ አልኩ፤ ይኸው፣ እንጽፈዋለን ካልን ሁሉንም እንጻፈው።

ይህ ከሆነ ሃያ ሦስት ዓመት አልፏል። አባቴ ከዚያ በኋላ መኪና አልነዳም፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። እኔ ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው መጋቢት ድርጅቱ ትንሽ ተሳቢ ገዛና ፍሬኑን ላስፈትሽ ኮተቤ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ በአምላክ የሚባል፣ ብዙ የሚያወራ ወጣት ነው። አንገቷ ላይ ደረሰና ጣት የምታህል ብረት አነሳ። ጫፏ ላይ ቀለበት አላት። ሳያት መዳፌ በላኝ።

"ሲስተር፣ ይቺን በደንብ እያት" አለኝ። "ይሄ ተሳቢ የራሱ ፔዳል የለውም። መኪናዋ ስትቆም ተሳቢው በክብደቱ ወደ ፊት ይገፋል፣ አንገቱ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ያኔ ፍሬኑ ይይዛል። ችግሩ ወደ ኋላ ስትነጂ ነው፤ ያኔም ይገፋና ይይዝብሻል፣ አልሄድም ይላል። ስለዚህ ይቺን ትከቺና አንገቱ እንዳይገባ ታደርጊያለሽ። ከዚያ ግን ማውጣት አለብሽ።"

"ካልወጣችስ?"

"ካልወጣችማ ፍሬን የለሽም። ጭነሽ ቁልቁለት ከወረድሽ አለቀ።"

መቀመጫ ስጡኝ አልኩ። ውኃ አመጡልኝ። በአምላክ የደም ግፊት መስሎት ይደነግጣል። እኔ ግን የኅዳር ብርድ ጣቶቼ ላይ ተመልሶ መጥቷል፤ ያችን ብረት በሁለት እጄ እስከ ጥግ እየገፋሁ ነው።

ወራት ያዝኩት። ያዝኩት ስል ፈራሁ ማለቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ግን ቀበና ሄድኩ። አባቴ እዚያው ቤት በር ላይ፣ ቀኝ እግሩን በርጩማ ላይ ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል።

"አባዬ፣ የተሳቢዋን ብረት ጠዋት ጠዋት ማን ነበር የሚያወጣት?"

"የቷን ብረት?"

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። "ታውቃታለህ" አልኩት።

ከዘራውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። "እሱ ነበር" አለ በመጨረሻ። "ከተጣላን በኋላ አንድ ቀን ረስቼያት ልወጣ ስል ወጥታ አገኘኋት። በማግስቱም ወጥታ አገኘኋት። እኔም ተውኩት። አልተነጋገርንበትም።"

"ለፖሊስ ለምን አልነገርክም?"

"ምን ብዬ? ከደጄ ያባረርኩት ሰው ነው ፍሬኔን የሚጠብቅልኝ ልበል?" ድምፁ ከፍ አለ። "ደግሞስ የዚያን ቀን አላወጣትም! ሆን ብሎ ተወኝ! ገደል ስገባ ሊያይ!"

"አውጥቷት ነበር። መልሼ ያስገባኋት እኔ ነኝ።"

ሁሉንም ነገርኩት፤ ከበርሜሉ ጀርባ እስከ መዳፌ ሽታ። እየሰማኝ እኔን አላየም፤ እግሩን ነው የሚያየው።

"ሃያ ሦስት ዓመት ጠልቼዋለሁ" አለ። "አሁን በዚህ እግሬ ማንን ልጥላ?"

እናቴ ከውስጥ "ምንድነው?" ስትል "ምንም" አላት። ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ክንዴን በኃይል ያዘኝ። "ለማንም እንዳትናገሪ። ሰማሽኝ? ለማንም።"

ዛሬ ጠዋት እንጦጦ ወጣሁ። አጠያይቄ ነው ያገኘሁት፤ ከማርያም ዝቅ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ መሐል በር እየበየደ ይኖራል። አርጅቷል። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መዶሻ እንደያዘ አየኝ።

"ማን ልበል?"

"ርሆቦት ነኝ። የኤጀታ ልጅ።"

መዶሻውን አላስቀመጠም። "ሞተ?"

"የለም፣ ደህና ነው።"

"ታዲያ ምን ልትወስጂ መጣሽ? የቀረኝ ነገር የለም።"

ቆሜ ነገርኩት፤ ተቀመጪ አላለኝም። ስጨርስ "ድገሚው" አለኝ።

"ብረቷን አውጥተዋት ነበር። ሰንሰለቷ ላይ አንጠልጥለዋት ሄዱ። ከዚያ እኔ..."

"የዚያን ዕለት? ሐሙስ? በዓይንሽ አየሽኝ?"

"አየሁዎት። እጅዎን በሱሪዎ ጠረጉ።"

መዶሻው ከእጁ ወደቀ። የሚበይደው በር ላይ ተደገፈ። "እስር ቤት ስገባ እርግጠኛ ነበርኩ" አለ ቀስ ብሎ። "ሰው ሁሉ አንተ ነህ ሲለኝ ግን መጠራጠር ጀመርኩ። ልጄ ታማብኝ ነበር፣ ቸኩዬ ነበር። ረስቼያት ይሆን? ወይስ አይቼ ትቼያት? ኤጀታን እኮ እጠላው ነበር። ስለዚህ ራሴን አላመንኩትም። ይሄን ሁሉ ዓመት ማታ ሳልዘጋው የቀረ ነገር ያለ እየመሰለኝ ሦስት ጊዜ እነሳለሁ።"

አንዲት ሴት ከቤት ወጣች። ሒሩት ናት፤ ሳትነግረኝ አወቅኳት፣ ሳትጠይቅ አወቀችኝ። "ሒሩት!" አለ አባቷ። "አውጥቼያት ነበር! እቺ አይታኛለች! አውጥቼያት ነበር!" እንደ ሕፃን ያለቅሳል። ሒሩት አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየች። ከውስጥ ሆና ሁሉንም ሰምታ ነበር።

"ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አልኳት።

"እኔ ምን ልበልሽ? እሱ ያኔ መድረክ ላይ ወጥቶ ነው የተናገረው። አንቺም እዚያው ወጥተሽ ተናገሪ። ሰው ሁሉ ይስማ። ከዚያ በፊት እዚህ ደጅ እንዳትረግጪ።"

አባቷን ደግፋ አስገባችና በሩን ዘጋችብኝ። ከውስጥ የሽማግሌው ድምፅ ይሰማኛል፤ "አውጥቼያት ነበር፣ አውጥቼያት ነበር" ይላል። ቁልቁለቱን በእግሬ ወረድኩ። ግንቡ ጋ ስደርስ ቆምኩ፤ የተመታበት ቦታ በሌላ ድንጋይ ተጠግኗል። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በእጄ ነካሁት።

ነገ እሁድ ነው። ማስታወቂያ ተነብቦ ሲያበቃ እጄን አወጣለሁ። አባቴ ሁልጊዜ የሚቀመጠው ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ጠርዝ ላይ ነው፤ አልታጠፍ ያለውን እግሩን መተላለፊያው ላይ ዘርግቶ። ወደ መድረኩ የምወጣው ያንን እግር ተሻግሬ ነው።